መኪናዋን የሞከርንበት ቀን

ባለቤቴ ሰኢድ መኪናችንን የጠላት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ የፊት መስታወቷን ጠላ፤ ከዚያ ስፖኪዮዋን፣ ከዚያ መብራቶቿን፣ በመጨረሻ ሁሉ ነገሯን።

ያኔ የምንኖረው ኮልፌ ነበር። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ ወደ ቀራንዮ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነበር። ሰኢድ መርካቶ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው። እኔ ልጆች አሳድጋለሁ፤ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ ሱቅ ሄጄ አግዘዋለሁ። በሰፈራችን የቤት መኪና ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር ያቺ ግራጫ፣ አሮጌ ጣሊያን ሠራሽ መኪናችን የኛ ብቻ ነበረች ለማለት ይቸግራል። የታመመ ሽማግሌ፣ ሙሽራ፣ ከሐጅ የተመለሰ እንግዳ፣ ያልተጫነባት ሰው የለም። እኔም ሰኢድ ቤት የገባሁት በሷ ነው፤ ከአባቴ ቤት ተሞሽሬ ስወጣ።

"ይቺ መኪና አንድ ቀን ጉድ ትሠራኛለች" ማለት አመጣ ሰኢድ።

እውነትም አንዳንድ ነገር ይደርስበት ነበር። ከግቢ ሲወጣ የበሩን ምሰሶ ይገጫል። አንድ እሑድ አስኮ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ መንገድ ዳር የቆመ ጋሪ ጨርፎ አለፈ። ባለጋሪው ሲሳደብ ሰኢድ ወርዶ መኪናዋን በመዳፉ መታት።

"በዚህች ጠባብ መስታወት ምን ይታያል?" አለ።

ጋራዥ ወስዶ መብራቱን አስቀየረ። ስፖኪዮውን በትልቅ አስለወጠ። ፍሬኑን አስፈተሸ። ያው ሆነ። ያን ወራት ቤት ውስጥም ነጭናጫ ሆኖ ነበር። በርጩማ ይመታው፣ ሻዩን ይደፋ ነበር፤ ያን ጊዜ "ማነው እዚህ ያስቀመጠው?" ብሎ ልጆቹን ይቆጣል። እኔ የገበያ ሐሳብ ይዞት ነው እል ነበር። ዓይኑን ማን ይጠረጥራል? ቁርአኑን ያለ መነጽር ያነባል። ከሱቁ ሳይወጣ ማዶ የቆመውን ደንበኛ በስሙ ይጠራል።

መኪናዋን መለወጡን አልፈለግኩም። የልጆቹ ክፍል ጣሪያ ያፈስ ስለነበር መጀመሪያ ቤቱ ይጠገን ባይ ነበርኩ። የሰኢድ ታናሽ ወንድም ሙስጠፋ ግን ወግኖ የቆመው ለወንድሙ ነው።

"እትዬ ከድጃ፣ ነጋዴ ሰው እንዲህ ያለች መኪና ይዞ መርካቶ ሲገባ ሰው ምን ይላል?" ይለኛል።

"ሰው ጨርቁን እንጂ መኪናውን አይገዛም" እለዋለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ክርክሩ ሰነበተ። ሰኢድ ደግሞ አንድ ጠባይ ነበረው፤ እኔ ያኮረፍኩበትን ዕቃ ቤት አያስገባም። ስለዚህ አንድ ቀን ምሳ ላይ ድምፁን ለስለስ አድርጎ ጀመረኝ።

"ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ሰውዬ መኪና ይሸጣሉ። የፈረንሳይ ሥሪት ናት። ብትነዳም ከኛዋ ጋር ስትተያይ ልጅ ናት። አብረን ሄደን እንሞክራት። አልወደድኳትም ካልሽ ይቀራል።"

"ይቀራል?"

"ወላሂ ይቀራል።"

ሄድኩ።

ሰውዬው አቶ ተፈራ ይባሉ ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። ወደ ጠቅላይ ግዛት ተዛውረው መኪናዋን ይዘው መሄድ ስላልቻሉ ነው የሚሸጧት። ስንደርስ ግቢያቸው ውስጥ በነጭ ጨርቅ ይወለውሏት ነበር። ቀለሟ የወተት ዓይነት ነው። የፊት መስታወቷ ሰፊ፣ ወንበሯ ምቹ። ሰኢድ ዙሪያዋን ዞረ፤ ኮፈኗን አስከፍቶ አየ፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ የልጅ ነበር። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ።

"ኮልፌ ግርግር አለ" አሉ አቶ ተፈራ፤ "በቀራንዮ መንገድ ወስደው ይሞክሯት። እዚያ ጭር ያለ ነው።"

ሰኢድ መሪውን ያዘ፣ አቶ ተፈራ አጠገቡ ተቀመጡ፣ እኔ ከኋላ መሐሉ ላይ ሆንኩ። የዐቢይ ጾም ወራት ነበር። ቀትር አልፎ ፀሐይዋ ጋደል ማለት ጀምራለች፤ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም።

"እንዴት አገኟት?" አሉ አቶ ተፈራ።

"ሁሉ ነገር ወለል ብሎ ይታያል" አለ ሰኢድ። "ያቺ የኔዋ ዓይኔን ይዛው ነበር። ከድጃ፣ እንዴት ነው ከኋላ?"

"ደህና ነው" አልኩ።

"ደህና ብቻ?"

አቶ ተፈራ ሳቁ። እኔም የያዝኩት ነገር እየላላ መጣ። ጣሪያው ክረምት ሳይገባ በሌላ መንገድ ይጠገናል፤ ይሄ ሰው ደግሞ ስንት ወር ተነጫነጨ፤ ደስ ይበለው አልኩ በልቤ። "ግዛት" ልለው ጎንበስ ስል ነው ሴትዮዋን ያየሁት።

ከግራ በኩል ነበሩ። በመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ተራ በተራ ይመለስ ነበር፤ እሳቸው ከሌሎቹ ነጠል ብለው ነው የሚመጡት። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ጃንጥላ። ወደ እኛ ዞር ብለው አዩን። ከዚያ መንገዱን መሻገር ጀመሩ። ቀስ ብለው ነው፤ ከግራው ጠርዝ ሲነሱ ገና እሩቅ ነበርን። ሰኢድ ያቆማል ብዬ ጠበቅኩ። ፍጥነቱን አልቀነሰም። አሁን ያቆማል፣ አሁን ያቆማል አልኩ። አቶ ተፈራ ጎንበስ ብለው የፊቱን ኪስ ከፍተው የሆነ ነገር ሊያሳዩት ይፈልጋሉ። ሰኢድ ፊቱ ቀጥ ብሎ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው፤ አሁንም ስለ መስታወቱ ያወራል።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። የወጣው "ሰው" የምትል ቃል ብቻ ናት፤ እሷም ዘገየች።

ድምፁን አልነግራችሁም። መኪናዋ ጥቂት ሄዳ ቆመች። ሰኢድ እጁ መሪው ላይ እንዳለ ወደ አቶ ተፈራ ዞረ፤ ተራ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ፦

"ምንድን ነው? ድንጋይ ነው?" አለ።

እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ግጭቱ አይደለም፤ ይሄ ጥያቄ ነው።

ሰዉ እየሮጠ መጣ። አንዳንዱ ድንጋይ አንስቶ ነበር፤ አንድ ቄስ ደርሰው እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉ። ሰኢድን እዚያው ያዙት። እኔ፣ ሴትዮዋና አቶ ተፈራ በዚያችው መኪና ወደ ሆስፒታል ሄድን። አቶ ተፈራ ይነዳሉ፣ የሴትዮዋ ራስ ጭኔ ላይ ነው። ስማቸው ወይዘሮ ብርቄ እንደሆነ የሰማሁት መኪናዋ ውስጥ ሲያስገቧቸው ነው። ነፍሳቸውን አያውቁም ብዬ ነበር፤ ጦር ኃይሎችን ስናልፍ ግን ዓይናቸውን ገለጡ።

"አይቶኛል ብዬ እኮ ነው" አሉ።

"አይናገሩ፣ እማማ፣ ይደክማሉ።"

"ፊቱ ወደኔ ነበር። አየሁት። አይቶኛል ብዬ ነው የተሻገርኩት።"

ሌላ ነገር አልተናገሩም። እጃቸው የያዘውን ቀሚሴን ሆስፒታሉ በር ላይ ነርሶቹ ናቸው ያላቀቁት።

ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ሰኢድ ለመርማሪው ቃሉን መስጠት ጀምሯል። "ፍሬኑ እምቢ አለኝ" ይላል። አቶ ተፈራ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ።

"አሁን ከሆስፒታል እስከዚህ የነዳኋት እኔ ነኝ። በዚሁ ፍሬን ነው የቆምኩት።"

መርማሪው የኔን ቃል በነጋታው እንደሚቀበል ነግሮ አሰናበተኝ። ውጭ በር ላይ ሙስጠፋ ከአቶ ተፈራ ጋር ይነጋገር ነበር። ነገሩን በመሐላቸው ጨርሰውታል።

"እትዬ ከድጃ" አለኝ ሙስጠፋ፤ "ፍሬን የሚባል ነገር ይቅር። ሴትዮዋ ሮጣ ገባች፣ በቃ። እሳቸውም እንደዚያ ይላሉ። ሰኢድም ይነገረዋል። አንቺ ደግሞ ከኋላ ነበርሽ፤ ያንኑ ትያለሽ።"

"አልሮጡም።"

"ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

አቶ ተፈራ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ። "እኔ ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ያየሁት ነገር የለም። ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ቤተሰብ አለኝ። እርስዎም አለዎት።"

ክፉ ሰው አልነበሩም። ሙስጠፋም አልነበረም። ወንድሙን ከእስር ማውጣት ነው የፈለገው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ብሎ ነገር የለም። "ፊቱ ወደኔ ነበር" የሚለው አልለቀቀኝም። ሰው ፊቱን ወደ ሰው አድርጎ እንዴት ይገጫል? ሰክሮ እንዳልል መጠጥ አይቀምስም። ተናዶ እንዳልል እየሳቀ ነበር። ስገላበጥ በርጩማው መጣብኝ፤ ሻዩ መጣብኝ። የበሩ ምሰሶ፣ ጋሪው። እነዚህ ሁሉ ከፊቱ አልነበሩም፤ ሁሉም ከጎኑ ነበሩ። ተነስቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

ጠዋት ቁርስ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ዘበኛው ደግ ሰው ስለነበር ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ እንድንቀመጥ ፈቀደልን። ሰኢድ በአንድ ሌሊት አርጅቷል።

"እንዴት ናቸው?" አለኝ ስለ ሴትዮዋ።

"በሕይወት አሉ። ሰኢድ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንን በር እየው፤ ዓይንህን ከሱ አትንቀል።"

በሩን አየ። እኔ ከጎኑ ሆኜ ዳቦውን ዘረጋሁለት፤ ከጆሮው ትንሽ ፈቀቅ ብሎ።

"ውሰድ" አልኩት።

"ምኑን?"

እጄን ወደፊት አመጣሁት። አሁንም ምንም አላለም። ደግሞ አመጣሁት። አፍንጫው ፊት ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ደንገጥ ብሎ ወደኋላ አለ። በሌላው ጎኑም ሞከርኩ። ያው ነው።

ዳቦውን ተቀብሎኝ እጁ ላይ ይዞት ቀረ።

"ጨለማ ቢሆን አውቀው ነበር" አለ። "አይጨልምብኝም እኮ፣ ከድጃ። ምንም ነገር የለም ብቻ ነው የሚመስለኝ። መኪናዋ ትመስለኝ ነበር።"

ከዚያ ዳቦውን አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ገብቶታል። ሴትዮዋን አለማየቱ ብቻ ሳይሆን፣ ያን ሁሉ ወራት ልጆቻችንን ጭኖ ሲሄድ ምን ሳያይ እንዳለፈ ገብቶታል።

"ለመርማሪው ይህንኑ ነው የምናገረው" አልኩት።

"ተይ።"

"አልሮጡም፣ ሰኢድ።"

"ዕውር ነው ብለሽ ልትናገሪብኝ? ሱቁን ማን ይቀርበዋል? ልጆቹስ? ሙስጠፋ ያለሽን በይ። እባክሽ።"

ባለቤቴ ለምኖኝ አያውቅም ነበር። ያም ሆኖ ከአጠገቡ ተነስቼ ሄድኩ። መርማሪው ፊት ተቀምጬ ያየሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ሴትዮዋ ቀስ ብለው እንደተሻገሩ ነገርኩት። ባለቤቴ ፍሬን እንዳልነካ፣ የመኪናዋም ፍሬን ችግር እንዳልነበረበት ተናገርኩ። ከጎኑ ያለ ነገር እንደማይታየውና እሱም እስከዚያ ጠዋት ይህን እንደማያውቅ ጨመርኩ። መርማሪው መጻፉን አቁሞ አየኝ።

"እመቤት፣ ይህ ለባለቤትዎ እንደማይጠቅም ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ" አልኩ።

ወይዘሮ ብርቄ በማግሥቱ አረፉ።

የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰባስበው ቀራንዮ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ እኔም ካልሄድኩ አልኩ። ሙስጠፋ አልመጣም። ከጣቢያ ከወጣሁ ጀምሮ አያናግረኝም፤ "ወንድሜን ሸጠሽው" ያለኝ የመጨረሻው ቃሉ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ለቅሶው ቆመ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሆነ። የሟች ባል አቶ ዘለቀ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ንግግር ሲጀምሩ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸውና ወደኔ አዩ።

"አንቺ ነሽ እዚያች መኪና ውስጥ የነበርሽው?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"የመኪናው ባለቤት ሮጣ ገባች አለ ይላሉ። ብርቄ ጉልበቷን ያማታል። ለልጆቿ ሠርግ እንኳ አልሮጠችም። እንደ ዕብድ ሮጣ መኪና ሥር ገባች ተብላ ልትቀር ነው ወይ?"

"አልሮጡም። ቀስ ብለው ነው የተሻገሩት። መንገዱንም አይተው ነው። እንዲህ ብዬ ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ።"

አቶ ዘለቀ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ ገለጡት።

"ባልሽ አይቷት ነበር?"

"አላያቸውም። ዓይኑ ታሟል። መታመሙን አላወቀም ነበር።"

"ጭራሽ አላያትም?"

"ጭራሽ።"

ይቅርታ ያደርጉልኛል ብዬ አልጠበቅኩም፤ አላደረጉም። "ተቀመጪ" ብቻ አሉኝ። ከሴቶቹ አንዷ ቦታ ለቀቀችልኝ። እዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩ መለየት አልቻልኩም።

ፍርድ ቤቱ ሰኢድን ወደ ዓይን ሐኪም ላከው። በሽታው ውስጥ ውስጡን የሚሄድ ነው አለ ሐኪሙ። ከዳር ይጀምራል፣ አያምም፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ መሐል ይመጣል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም አይቆይም አለ። ዳኛው ይህን ቆጥረው ቅጣቱን ቢያቀሉለትም ከመታሰር አልዳነም። መንጃ ፈቃዱም ተወሰደ። አቶ ተፈራ መኪናዋን ለማን እንደሸጡ አላውቅም። የኛዋን አሮጌ ግን እኔው ሸጥኳት። ገዢው ሲፈትሻት ውሎ "ምንም እንከን የላትም" ብሎኝ ነድቷት ሄደ።

ሰኢድ ሲፈታ ቤታችን ውስጥ ለብዙ ወራት የተወራው "እንካ" እና "አምጪ" ብቻ ነው። እሱ ታስሮ ሳለ ሱቁን እኔ ይዤ ነበር፤ ከዚያም በኋላ እኔው ያዝኩት። የዓይኑ ብርሃን እንደተባለው እየጠበበ ሄደ። አንድ ቀን በኔ ክንድ ተደግፎ መስጊድ በር ድረስ ከሄደ በኋላ ቀስ በቀስ መነጋገር ጀመርን። ሙስጠፋ የታረቀኝ እናታቸው ሲሞቱ ነው፤ እሱም ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ለመኪናዋ ብዬ እንዳልነገርኳችሁ ይገባችኋል። አንድ የምትወዱት ሰው ዕቃ ላይ መቆጣት ሲያበዛ፣ ይሄ ተበላሸ ያኛው አስቸገረኝ ሲል፣ ዕቃውን መለወጥ ቀላል ነው። እኔም "ግዛት" ልል ነበር። ዕቃውን ትታችሁ ሰውየውን አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩት። ስለ ቃሌ ደግሞ ትክክል ነበርሽ የሚሉኝ አሉ፤ ሚስት አትባልም ያሉኝም አሉ። ሁለቱም እኔ ከዚያ አግዳሚ ላይ ስነሳ የተሰማኝን አላወቁትም። ደግሜ ብጠየቅ ያንኑ እናገራለሁ፤ ግን ቀለለኝ ብዬ አልዋሽም።

ሰኢድ ጨርሶ ዓይኑ ከጠፋ ዓመታት በኋላ፣ ዝናብ ገበያውን የበተነበት አንድ ከሰዓት ነበር። ሱቅ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። እሱ እንደ ልማዱ ከመሸጫው ጣውላ ኋላ ተቀምጦ የጣቃውን ጫፍ በጣቶቹ ይዳስሳል።

"ከድጃ" አለኝ፤ "ያቺ ሴት ምን ትመስል ነበር?"

ያን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አጠገቡ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ጠይም መሆናቸውን፣ ቀጠን ያሉ መሆናቸውን፣ ነጠላቸውን በግራ እጃቸው አንገታቸው ላይ ሰብስበው እንደያዙ። ሲራመዱ አንድ እግራቸውን ቆጠብ ያደርጉ እንደነበር።

"ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት?"

"ቀስ ብለው።"

"ፊታቸውስ?"

"ወዳንተ ያዩ ነበር። አልፈሩም።"

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ያበቃ መስሎኝ ልነሳ ስል እጁን ዘርግቶ ፈለገኝ፤ ክንዴን አገኘውና ያዘው።

"እንደገና ንገሪኝ" አለ። "ከመንገዱ ጀምሪና፣ ቀስ ብለሽ።"